ትእዛዙ ሐረጎን ወረደ፣ ፓስወርዱስ?

እኔ ደሴ ነኝ፣ ከማስተዳድራቸው ኮምፒውተሮች ግማሾቹ ደግሞ ኮምቦልቻ ናቸው። በመሃል የሐረጎ ቁልቁለት አለ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በካርታ ሲያዩት ምንም አይመስልም። ግን ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ፣ እና ያን ሁሉ ቁልቁለት ክረምት ላይ በጉም ውስጥ በሚኒባስ እየተጠማዘዙ ወርዶ፣ ላይ የለበሱትን ጃኬት ታች ሲደርሱ አውልቀው በክንድ ይዘው እየዞሩ፣ አንዲት ስታክ ያደረገች የፕሪንተር ሰርቪስ ሪስታርት አድርጎ ተመልሶ መውጣት ያስመርራል። ከደሴ ሆኖ አንድ መስመር ጽፎ ኢንተር መምታት እየተቻለ!

ስለዚህ ሰው «ከርቀት ትእዛዝ መላክ አሳየን» ሲለኝ ደስ ይለኛል። ችግሩ፣ የሚጠየቀው ሁሌም ግማሹ ነው። ትእዛዙ እንዴት ይሂድ ይባላል። በማን አካውንት ይሂድ፣ ፓስወርዱ የት ተቀምጧል፣ ትእዛዙ ካለቀ በኋላ እዚያ ማሽን ላይ ምን ቀረ የሚል የለም። ለእኔ ሥራው እዚህ ጋ ነው። መላኩንማ በአንድ ከሰዓት ትለምዱታላችሁ።

(ዓመቶችን፣ ወሮችንና ቀኖችን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ የኮምፒውተር ነገር ስለሆነ።)

አብዛኛው ሰው የሚጀምረው በፒኤስኤግዜክ ነው። የሲስኢንተርናልስ መሣሪያ ነው፣ የጻፈው ማርክ ሩሲኖቪች፣ ማይክሮሶፍት ደግሞ በ2006 ሲስኢንተርናልስን ገዝቶታል። ኢንስቶል አይፈልግም፣ አንዲት ፋይል ናት፣ በፍላሽ ይዛችኋት ትዞራላችሁ። ሥራው ቀላል ነው። በፖርት 445 በኩል ወደ ሩቁ ማሽን የአድሚን ሼር ይገባል፣ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ይገለብጥበታል፣ እሱን እንደ ሰርቪስ ያስነሳዋል፣ ትእዛዛችሁን ያ ሰርቪስ ይፈጽማል፣ ሲጨርስ ይወገዳል። የሚገርም ነገር የለውም። ግን የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ እዚያው ትእዛዙ ላይ መጻፍ ይቻላል። የሚቻል ነገር ሁሉ ደግሞ ይደረጋል።

ፓስወርዱን ስትጽፉበት ሁለት ነገር ይሆናል። አንደኛ፣ የጻፋችሁት መስመር እናንተው ማሽን ላይ ይቀራል፣ ባች ፋይል ውስጥም ሆነ በትእዛዝ ታሪክ ውስጥ። ሁለተኛው የባሰ ነው። ሩቁ ማሽን በዚያ ፓስወርድ ሙሉ ሎግ ኢን ያደርጋል፣ ልክ ወንበሩ ላይ የተቀመጣችሁ ያህል፣ ስለዚህ ሌላ ቦታ ሊያገለግል የሚችል የማንነት ማስረጃ (ክሬደንሻል) ሜሞሪው ላይ ይቀመጣል። ያንን ማሽን አስቀድሞ የያዘ ሌባ ካለ፣ አርፎ ይጠብቃል፣ እናንተ ትመጣላችሁ፣ የዶሜይን አድሚን (የመሥሪያ ቤቱን ኮምፒውተሮች ሁሉ በአንድ ላይ የሚያዝ አካውንት) ፓስወርዳችሁን ሜሞሪ ላይ ታስቀምጡለታላችሁ። ሪሞት ዴስክቶፕም እንደዚሁ ነው። በተለመደው መንገድ ከገባችሁበት ማስረጃው እዚያ ይቀራል። ከ2014 በፊት በነበሩት የፒኤስኤግዜክ ስሪቶች ላይማ በትእዛዙ የጻፋችሁት ፓስወርድ በኔትወርኩ ላይ ሳይመሰጠር ነበር የሚያልፈው። አሮጌ ፍላሽ ላይ ያለችው ኮፒያችሁ የየትኛው ዓመት እንደሆነች እዩ እስቲ።

ፓስወርድ ሳትጽፉ፣ ቀድሞ በገባችሁበት አካውንት ብቻ ብታዙት ግን የኔትወርክ ሎግ ኢን ይሆናል። እዚያ የሚቀር፣ ለሌላ ቦታ የሚያገለግል ነገር የለም። ያው መሣሪያ ነው፣ ያው ትእዛዝ ነው፣ ልዩነቱ ግን የትየለሌ ነው።

ፓወርሼል ሪሞቲንግን (በዊንዶውስ የትእዛዝ መጻፊያ በፓወርሼል ከርቀት ማዘዣውን) የምወደው ከመጀመሪያው በዚህ በሁለተኛው መንገድ ስለሚሄድ ነው። ዊንአርኤም በሚባለው አገልግሎት ላይ ይሠራል፣ ፖርቱ 5985 ነው፣ በኤችቲቲፒኤስ ከሆነ 5986። 5985 ላይ ኤችቲቲፒ የሚለውን አይተው የሚደነግጡ አሉ። አብሽሩ፣ በዶሜይን ውስጥ በኬርቤሮስ (ዶሜይኑ ማንነት በሚያረጋግጥበት ዘዴ) ሲሄድ ይዘቱ ይመሰጠራል። ኢንቮክ-ኮማንድ ብላችሁ የማሽኖቹን ስም ከደረደራችሁለት፣ ሌላ ካላላችሁት በቀር እስከ 32 ማሽን ድረስ በአንድ ጊዜ ይሠራል። መልሱም ከየትኛው ማሽን እንደመጣ ስሙን ይዞ ይመለሳል።

ግን ሰውን የሚያናድድ ጠባይ አለው። ከደሴ ኮምቦልቻ ወዳለ ኮምፒውተር ገባችሁ፣ ከዚያ ሆናችሁ ፋይል ሰርቨር ላይ ያለ ኢንስቶለር ልታነሱ ስትሉ «አይፈቀድም» ይላችኋል። አድሚን ናችሁ፣ ሰርቨሩ ላይ መብት አላችሁ፣ እና አይፈቀድም! ደብል ሆፕ ይሉታል። ምክንያቱ ቅድም ያመሰገንኩት ነገር ራሱ ነው፣ ማስረጃችሁ እዚያ ማሽን ላይ ስላልቀረ ማሽኑ በእናንተ ስም ወደ ሌላ መሄድ አይችልም። ይሄኔ ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው የመጀመሪያ ምክር ክሬድኤስኤስፒን ክፈቱ የሚል ነው። አትክፈቱት። እሱ የሚያደርገው ፓስወርዳችሁን ለሩቁ ማሽን ማስረከብ ነው፣ ዞረን ፒኤስኤግዜክ ጋ ተመለስን ማለት ነው። እኔ ፋይሉን አስቀድሜ ከደሴ በዚያው በሪሞቲንጉ መስመር ወደ ማሽኑ እገለብጠዋለሁ፣ ከዚያ ትእዛዙን እልካለሁ። አንድ መስመር ይጨምራል፣ በቃ።

ለእኛ አገር ብቻ የሚሆን አንድ ጣጣም አለ። ኬርቤሮስ ሰዓት ይቆጥራል። በሁለቱ ማሽኖች መካከል ከ5 ደቂቃ በላይ የሰዓት ልዩነት ካለ አልሠራም ይላል። አንድ ጠዋት የኮምቦልቻ ሂሳብ ክፍል ማሽን እንቢ አለችኝ፣ የሰዓት ወይም የቀን ልዩነት አለ ብላ። ደወልኩ።

«እትዬ፣ እስቲ ታች በቀኝ በኩል ማሽኗ ሰዓት ስንት ትላለች?»

«ሦስት ተኩል።»

«የእጅ ሰዓትዎስ?»

«እሱም ሦስት ተኩል። ልክ ናት እኮ ልጄ። ስድስት ሰዓት ሙሉ ተሳስታ ነበር፣ እኔው ነኝ ያስተካከልኳት።»

ምን ይባላል? እውነታቸውን ነው። በእኛ ሰዓት ሦስት ተኩል ነው፣ ማሽኗ ደግሞ ዘጠኝ ተኩል ትል ነበር። ሰዓቷን መለስናት። (ዊንዶውስ ላይ የሰዓት ዞናችንን ስትፈልጉ ናይሮቢ የሚለውን ምረጡ፣ አዲስ አበባ የሚል የለም።) የባዮስ ባትሪዋ የሞተ ማሽን ካለቻችሁም መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኗ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ መዘዙ ያው ነው። ባትሪዋ ሳንቲም የምታክል ናት፣ ለውጧት።

መብራት ካነሳን አይቀር፣ ዊንዶውስ ኔትወርኩን መለየት ሲያቅተው «ፐብሊክ» ብሎ ይመድበዋል። ፐብሊክ ኔትወርክ ላይ ደግሞ ተራ ዊንዶውስ ሪሞቲንግ ሲከፍቱለት አልከፍትም ይላል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማሽኑ ከስዊቹና ከራውተሩ ቀድሞ ከተነሳ ይሄ ያጋጥማል። ሰው ተነስቶ ፋየርዎሉን በሙሉ ያጠፋል። ኔትወርኩን «ፕራይቬት» ማድረግ ነው እንጂ ፋየርዎል ማጥፋት ምን አመጣው።

የሂሳብ ክፍሏ ጉዳይ ግን በሰዓቱ አላበቃም። ሰዓት ለመቀየር እኮ አድሚን መሆን ያስፈልጋል። ለምን አድሚን ሆኑ? የሂሳብ ሶፍትዌሩን የገጠሙት ልጆች «ካለዚያ አይሠራም» ብለው ነው። ማሽኗን ከርቀት ስፈትሽ ደግሞ ዴስክቶፕ ላይ አንዲት ባች ፋይል አለች፣ ጠዋት ጠዋት የሰርቨሩን ፎልደር የምታገናኝ። በኖትፓድ ስትከፍቷት የሰርቨሩ አድሚን ፓስወርድ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ሁለት ጊዜ ክሊክ ማድረግ የሚችል ሰው ሁሉ ሊያነበው ይችላል። የገጠሙትን ልጆች ብጠይቃቸው «ሁሉም ደንበኛ ጋ እንደዚህ ነው የምናደርገው» አሉኝ፣ እንደ ማጽናኛ መሆኑ ነው።

ይሄን የመሰለውን ነገር ማይክሮሶፍት ራሱ በትልቁ ሠርቶታል። በግሩፕ ፖሊሲ (ለዶሜይኑ ማሽኖች ሁሉ ደንብ በሚሰጥበት) በኩል የሁሉንም ማሽን የሎካል አድሚን (የዚያችው ማሽን ብቻ አድሚን) ፓስወርድ ማስቀመጥ ይቻል ነበር። ፓስወርዱ ተመስጥሮ ይቀመጣል ይባላል፣ ግን የመፍቻው ቁልፍ ለሁሉም ዶሜይን አንድ ዓይነት ነበር፣ ያንን ቁልፍ ደግሞ ማይክሮሶፍት ራሱ በሰነዱ ላይ አትሞታል። ፋይሉ ያለበትን ፎልደር (ሲስቮል ይባላል) ማንኛውም የዶሜይን ተጠቃሚ ማንበብ ይችላል። በግንቦት 2014 ማስተካከያ ወጣ፣ ያ ማስተካከያ ግን አዲስ እንዳይጻፍ ይከለክላል እንጂ የተጻፈውን አያጠፋም። ዶሜይናችሁ ከዚያ በፊት የተተከለ ከሆነ ሲስቮል ውስጥ ገብታችሁ «ሲፓስወርድ» (cpassword) የሚል ቃል ፈልጉ። ካገኛችሁ ፋይሉን አጥፉት፣ ፓስወርዱንም ቀይሩት።

ከሁሉም የሚብሰው ግን ሁሉም ማሽን ላይ አንድ ዓይነት የሎካል አድሚን ፓስወርድ መኖሩ ነው። ብዙ መሥሪያ ቤት እንደዚያ ነው፣ አንዱን ማሽን ያዘጋጁና ሃርድ ዲስኩን ለሁሉም ይገለብጣሉ። ይሄ ፒያሳ ያሉት ሱቆች ሁሉ በአንድ ቁልፍ እንዲከፈቱ እንደማድረግ ነው። ሌባው ፓስወርዱን ማወቅ እንኳን አይጠበቅበትም። ከአንዱ ማሽን ላይ ሃሹን (ፓስወርዱ ተቀይሮ የተቀመጠበትን ኮድ) ካወጣ፣ ያንኑ ሃሽ ይዞ ሌላው ማሽን ላይ «እኔ ነኝ» ማለት ይችላል።

«ጋሼ፣ እኛን ማን ብሎ ያጠቃናል?» ይለኛል ኮምቦልቻ ያለው ልጅ። (ጋሼ የሚለኝ ለማብሸቅ ነው፣ ያን ያህል አላረጀሁም።) በሱ ቤት ሃከር ማለት ስም እየመረጠ የሚመጣ ሰው ነው። ኖትፔትያን ነገርኩት። ሰኔ 27 ቀን 2017፣ ዩክሬን ውስጥ ብዙ ድርጅቶች በሚጠቀሙበት አንድ የሂሳብ ሶፍትዌር ማሻሻያ በኩል ገባ። ከዚያ ወዲያ የማንንም ስም አልመረጠም። አንድ መንገዱ ያልተጠገነ ዊንዶውስ ነበር። ሌላው መንገዱ ግን ከያዘው ማሽን ሜሞሪ ላይ ፓስወርድና ማስረጃ ለቅሞ፣ በዚያ ማስረጃ በፒኤስኤግዜክና በደብልዩኤምአይ (ዊንዶውስ ከርቀት በሚታዘዝበት ሌላ መንገድ) ወደ ቀጣዩ ማሽን መሄድ ነበር። አዎ፣ እኔና እናንተ በየቀኑ የምንጠቀምባቸው መሣሪያዎች። ማሽኑ በሚገባ የተጠገነ ቢሆን እንኳን፣ ትክክለኛ ፓስወርድ ይዞ የመጣን ማን ይመልሰዋል? ሜርስክ የተባለው የመርከብ ድርጅት 4,000 ሰርቨርና 45,000 ኮምፒውተር እንደገና ለመትከል ተገዷል። ልጁ የዚህን ድርጅት ስም በየቀኑ ኮንቴይነር ላይ ነው የሚያነበው፣ ደረቅ ወደቡ እኮ እዚያው ኮምቦልቻ ነው። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «የሂሳብ ሶፍትዌር ነው ያልከው?» አለኝ።

አሁን ላፕስ የሚባለውን የማይክሮሶፍት መሣሪያ ተክለናል። እያንዳንዱ ማሽን የራሱ የሎካል አድሚን ፓስወርድ አለው፣ በራሱ ጊዜ ይቀየራል፣ ምንም ካልነካችሁት በየ30 ቀኑ፣ 14 ፊደል ሆኖ። ፓስወርዱ አክቲቭ ዳይሬክተሪ (የዶሜይኑ መዝገብ) ውስጥ ይቀመጣል፣ ማን ሊያየው እንደሚችል እናንተ ትወስናላችሁ። በ2015 የወጣው ለብቻው ኢንስቶል ይደረግ ነበር፣ ከሚያዝያ 2023 ዝማኔ በኋላ ግን ዊንዶውስ 10፣ 11 እና ሰርቨር 2019ና 2022 ውስጥ አብሮ መጥቷል። ብር አይጠይቅም። ይሄን የማይተክል የዶሜይን አስተዳዳሪ ምን እንደሚጠብቅ አይገባኝም።

ወደ ስክሪፕት ስንመጣ፣ ሌሊት ብቻውን የሚሠራ ነገር ፓስወርድ ይፈልጋል፣ የት ይቀመጥ? ፓወርሼል ላይ ጌት-ክሬደንሻል ብላችሁ የተቀበላችሁትን በኤክስፖርት-ክሊኤክስኤምኤል ፋይል ላይ ማስቀመጥ ትችላላችሁ። ዊንዶውስ ላይ ይሄ በዲፒኤፒአይ (በዊንዶውስ በራሱ መመስጠሪያ) ይመሰጠራል፣ ያንን ፋይል ሊከፍት የሚችለው ያስቀመጠው ተጠቃሚ በዚያው ማሽን ላይ ብቻ ነው። ፋይሉን ሌላ ማሽን ላይ ወስዳችሁ ስትሞክሩ ቁልፉ ልክ አይደለም ይላችኋል፣ ሰው ይሄን እንደ ብልሽት ይቆጥረዋል፣ የተሠራው ግን ለዚያው ነው። ይሄኔ የራሳቸውን ቁልፍ ሠርተው ቁልፉን ከፋይሉ ጎን በዚያው ፎልደር የሚያስቀምጡ አሉ። አትልፉ፣ ግልጹን ጻፉት፣ ያው ነው። ሊኑክስ ላይ ደግሞ ይሄ ትእዛዝ ምንም አይመሰጥርም፣ እንዳትሸወዱ። ፋይሉ የአንድ ተጠቃሚ ብቻ መሆኑን ያነሳሁት፣ ስክሪፕቱ በታስክ ሸጁለር በሌላ አካውንት የሚሠራ ከሆነ ፋይሉንም በዚያው አካውንት መፍጠር ስላለባችሁ ነው።

የተሻለው ግን ፓስወርድ ጨርሶ አለማስቀመጥ ነው። ከሰርቨር 2012 ጀምሮ ጂኤምኤስኤ የሚባል አካውንት አለ፣ ፓስወርዱን ዶሜይኑ ራሱ ይይዘዋል፣ ራሱ ይቀይረዋል፣ ሰው አያውቀውም። የሌሊቱን ባካፕ ወደዚህ አዙረነዋል። ማንም የማያውቀውን ፓስወርድ ማንም በቴሌግራም አይልከውም።

ቴሌግራም! ስንት የአይቲ ሰው ነው የመሥሪያ ቤቱን ፓስወርድ ሁሉ ሴቭድ ሜሴጅ ውስጥ ደርድሮ የሚኖረው? ስልኩን ለልጅ ጌም ይሰጣል፣ ቴሌግራም ዌብን ኢንተርኔት ካፌ ከፍቶ ይረሳል። ኪፓስ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ አንድ የተመሰጠረ ፋይል ነው፣ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ለእኛ አገር መስመር ደግሞ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ለሊኑክሱና ለራውተሮቹ ኤስኤስኤች (የተመሰጠረ የርቀት መግቢያ) ነው፣ ፖርት 22። ታቱ ኡሎነን የሚባል ፊንላንዳዊ በ1995 የጻፈው፣ የነበረበት ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ ፓስወርድ ሲጠለፍ ጊዜ ነው። ቁልፍ ሠርታችሁ ግቡ፣ በፓስወርድ መግባትን ዝጉት። ቁልፉ ላይም ፓስፍሬዝ አድርጉ፣ ላፕቶፕ ሚኒባስ ውስጥ ይረሳል። ከቁልፍ ወኪሉ (የተከፈተውን ቁልፍ ከሚይዝላችሁ ፕሮግራም) ጋር ፓስፍሬዙን ጠዋት አንዴ ብቻ ነው የምትጽፉት። ወኪሉን ወደ ሩቁ ማሽን ማስተላለፍ የሚለውን አማራጭ ግን ዝም ብላችሁ አትክፈቱ፣ እዚያ ሩት (ሙሉ መብት ያለው ተጠቃሚ) የሆነ ሰው እናንተ እስካላችሁ ድረስ በቁልፋችሁ ሊገባ ይችላል።

አንድ ሌላ ልማድ፦ ኢሜይል የማነብበት አካውንትና ማሽን የማስተዳድርበት አካውንት ለየብቻ ናቸው። የዶሜይን አድሚኑ ደግሞ ሦስተኛ ነው፣ እሱ ዶሜይን ኮንትሮለሩ (ዶሜይኑን የሚመራው ሰርቨር) ላይ ካልሆነ የትም አይገባም። የሠራተኛ ፕሪንተር ለማስተካከል የዶሜይን አድሚን ሆኖ መግባት የተለመደ ነው፣ አለቆችም ያዙታል፣ «አንተ ሙሉ መብት የለህም እንዴ?» እያሉ። መብቱ ስላለ ነው የማልገባበት።

የቀረችኝ አንዲት ማሽን ናት። የሠራተኛ አሻራ የሚሰበስበው ሶፍትዌር ያለባት፣ ዊንዶውስ 7። አዲሱ ላፕስ አይገባትም። ሶፍትዌሩ የዳታቤዝ ፓስወርዱን በግልጽ ካላገኘው አይነሳም፣ ሴቲንግ ፋይሉ ውስጥ ተቀምጧል። ለጊዜው ከሌሎቹ ለይተን በራሷ ቪላን (ለብቻው በተከለለ ኔትወርክ) አስገባናት፣ አንድ ሰርቨር ብቻ ያናግራታል፣ ፓስወርዷም ሌላ የትም የማይሠራ ነው። ሻጩ አዲስ ስሪት አለኝ ብሎ ፕሮፎርማ ልኳል። ግዥ ክፍል ሁለት ተጨማሪ ፕሮፎርማ አምጡ ብሏል።